የሞርሞኖቹ ሔኖክ ከእኛ መጽሐፈ ሔኖክ የተቀዳ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ዩታ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ የሞርሞን እምነት ተከታዮች ናቸው፤ ደግ ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስታውቅ አንዷ ‹የእናንተ መጽሐፈ ሔኖክ የነቢያችንን እውነተኝነት ይመሰክራል› አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ከእኛ ወስደው ነው እንጂ› ይላል። ማን ነው ልክ? እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ስለ ጥቁር ሰው ክፉ ነገር አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

እህቴ፣ እኔ ከጎረቤትዎም ከባለቤትዎም ጋር አልስማማም። የሁለቱም ሐሳብ ግን እንዲሁ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ የትኛውን ጽሑፍ እንደምናወራ እንለይ። ሰው ስለ ሞርሞኖች ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት መጽሐፈ ሞርሞን ነው። እሱ በመጋቢት 1830 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ፓልማይራ በምትባል ከተማ ታተመ፤ ዛሬ በአማርኛም አለ። የሔኖክ ታሪክ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ያለው «የታላቅ ዋጋ ዕንቁ» በሚሉት ሌላ ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ ነው። እዚያ «መጽሐፈ ሙሴ» የሚባል ክፍል አለ። ምዕራፍ 6ን ከመካከሉ ይጀምሩና እስከ ምዕራፍ 7 መጨረሻ ይዝለቁ። ጎረቤትዎ የምትለው ሔኖክ እሱ ነው።

እንዴት ተጻፈ? ጆሴፍ ስሚዝ ቤተክርስቲያኑን በሚያዝያ 1830 ካቋቋመ ከሁለት ወር በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን «ማረም» ጀመረ። ከዕብራይስጥ ወይም ከግሪክ አልተረጎመም። በንጉሥ ጄምስ ዘመን የተተረጎመውን እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ፣ በራእይ ተገለጠልኝ ያለውን እየጨመረና እያስተካከለ ይናገራል፤ ጸሐፊ ይጽፋል። በታኅሣሥ ወር ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ላይ ደረሰ። እዚያ ስለ ሔኖክ ያለው አራት ቁጥር ብቻ ነው። ማቱሳላን ወለደ፣ አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር አደረገ፣ 365 ዓመት ኖረ፣ እግዚአብሔርም ወሰደው። ስሚዝ ከዚህ ተነሥቶ ከ100 በላይ ቁጥሮች ያሉት ታሪክ አወጣ። እሱ ራሱ 25 ዓመት የሞላው በዚያው ወር ነበር።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሔኖክ አንደበቱ የሚከብድ፣ ሕዝቡ የሚጠላው ልጅ ነው። እግዚአብሔር ጠርቶ ይልከዋል። ይሰብካል፤ በቃሉ ተራሮች ይሸሻሉ፣ ወንዞች መንገዳቸውን ይለውጣሉ። ያመኑትን ሰብስቦ ከተማ ይሠራል። የከተማዋ ስም ጽዮን ነው። ከዚያ የዓለምን ታሪክ እስከ መጨረሻው በራእይ ያያል። በመጨረሻም ከተማዋ ከነሕዝቧ ወደ ሰማይ ትወሰዳለች።

የእኛን እርስዎ ያውቁታል፤ ግን ለንጽጽሩ ያህል ላስታውስዎት። መጽሐፈ ሔኖክ በምሁራን አከፋፈል 108 ምዕራፎች አሉት። በእጅዎ ያለው የአማርኛ እትም አከፋፈሉ ሊለይ ይችላል። በውስጡ አምስት ትልልቅ ክፍሎች አሉ። መጀመሪያ የትጉሃን መላእክት ውድቀት ይመጣል፤ ከሰው ልጆች ሴቶች ጋር ተኝተው ረዓይት የሚባሉትን ግዙፋን የወለዱት ማለት ነው። ቀጥሎ የሰው ልጅ በክብር ዙፋን የሚቀመጥባቸው ምሳሌዎች አሉ። ከዚያ የፀሐይና የጨረቃ አካሄድ ይመጣል፤ ዓመቱም 364 ቀን ነው። ከዚያ የሕልም ራእዮች፣ በመጨረሻም ለልጆቹ የተወው ምክርና ተግሣጽ። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። ከሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደነበረ አረጋግጠዋል። ምሳሌዎቹ ግን እዚያ አልተገኙም።

አውሮፓውያን ይህን መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደጠፋ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ለእኛ ጠፍቶ አያውቅም። በገዳማቱ ይገለበጥ ነበር፤ ይነበብ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ከርሞ ሲመለስ፣ በ1773 ሦስት ቅጂዎችን ይዞ አውሮፓ ደረሰ። ከዚያ የኦክስፎርዱ ሪቻርድ ሎረንስ ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1821 አሳተመው። የጆሴፍ ስሚዝ ሔኖክ የተጻፈው ከዚያ 9 ዓመት ቆይቶ ነው። የባለቤትዎ ጥርጣሬ መነሻ ይህ የዓመታት ቅደም ተከተል መሆን አለበት። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ምሁራንም ተከራክረውበታል።

ሁለት ታዋቂ የታሪክ ሰዎችን ብቻ ልጥቀስ። ሁለቱም ከዚያው ከሞርሞን ማኅበረሰብ የተገኙ ናቸው። ማይክል ኩዊን ስለ መጽሐፈ ሔኖክ የሚያወሩ ጽሑፎች ስሚዝ በሚኖርበት አካባቢ ይደርሱ እንደነበር፣ እሱም ሊያውቅ ይችል እንደነበር ተከራከረ። የስሚዝን ትልቅ የሕይወት ታሪክ በ2005 ያሳተመው ሪቻርድ ቡሽማን ደግሞ የሎረንስ ትርጉም በእጁ ገብቷል ብሎ ማሰብ በጣም ይከብዳል አለ።

የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ ስሚዝ «መጽሐፈ ሔኖክ» የሚባል ጥንታዊ ነገር እንዳለ ሰምቶ ሊሆን እንደሚችል አልጠራጠርም። ለዚያ ኦክስፎርድ መሄድ አያስፈልግም። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ሔኖክ ትንቢት ተናግሯል ብሎ በግልጽ ይጠቅሳል። ፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ከጎናቸው የማይለዩአቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያዎችም ስለ ጉዳዩ ያወሩ ነበር። ፍሪሜሶኖችም ሔኖክ የእግዚአብሔርን ስም በወርቅ ሰሌዳ ቀርጾ ከመሬት በታች ደበቀው የሚል አፈ ታሪክ ነበራቸው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ሔኖክ የሰው አፍ ላይ ነበር።

ስም መስማትና መጽሐፉን ከፍቶ መቅዳት ግን አንድ አይደሉም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ የመቅዳት ምልክት አላገኘሁም። ትልቁ ማስረጃዬ ስሚዝ ጋ የሌለው ነገር ነው። የእኛን መጽሐፍ አንዴ ያነበበ ሰው የማይረሳው ምንድን ነው? ከሰማይ የወረዱት መላእክት ናቸው። ሰማዝያ ነው፣ አዛዝኤል ነው። በአርሞንኤም ተራራ የማሉት መሐላ ነው። ለሴቶች መኳኳልን፣ ለወንዶች ሰይፍ መሥራትን ማስተማራቸው ነው። በስሚዝ ጽሑፍ አንዱም የለም። «የእግዚአብሔር ልጆች» የሚለውን የዘፍጥረት ቃል እንኳ ሰዎች ናቸው ብሎ ነው የፈታው። ረዓይትን ስማቸውን ብቻ ጠርቶ ያልፋቸዋል። የከዋክብቱ ትምህርት የለም፤ የ364 ቀኑ አቆጣጠር የለም፤ መልአኩ ዑርኤል የለም። ታሪክን እንዲያ የሚወድ ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ አንዲት ፍሬ ሳያነሣ ያልፋል ብዬ አላምንም።

ተመሳሳይነቱስ? አለ። «የሰው ልጅ» እና «ጻድቁ» የሚሉ ስሞች በሁለቱም ውስጥ ለሚመጣው አዳኝ ይነገራሉ። ግን እነዚህን ዳንኤልና ወንጌላት፣ የሐዋርያት ሥራም ጭምር ያውቋቸዋል። ስሚዝ መጽሐፍ ቅዱስን እያነበበ ያደገ ሰው ነው።

ጎረቤትዎ «ይመሰክራል» ያለችውም ከዚሁ ከተመሳሳይነቱ ተነሥታ ነው። ይህን ክርክር ያስፋፋው ሂው ኒብሊ የሚባል የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በ1970ዎቹ በቤተክርስቲያናቸው መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ የእኛን መጽሐፍና የቁምራኑን ቁርጥራጮች ከስሚዝ ጋር አነጻጸረ። በጣም የሚጠቀስለት አንድ ስም ነው። በስሚዝ ታሪክ ማሂያህ የሚባል ሰው ወደ ሔኖክ ቀርቦ «አንተ ማነህ? ከየትስ መጣህ?» ይለዋል። በቁምራን በተገኘው የረዓይት መጽሐፍ ደግሞ ማሃዋይ የሚባል ወደ ሔኖክ ተልኮ ይሄዳል። መጽሐፉ በስሚዝ ዘመን አይታወቅም ነበር። ነገሩ ያስገርማል፤ አልክድም። ዘፍጥረት 4፥18 ላይ ግን ከቃየል ዘር የሆነ፣ ስሙ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሰው አለ። ስሚዝ ደግሞ በዚያው ወር ዘፍጥረትን መስመር በመስመር እየሄደበት ነበር። አንድ ስም ብቻውን ምስክርነት መሸከም አይችልም። ልብ ይበሉ፣ ማሃዋይም ያለው በቁምራኑ ጽሑፍ ነው፤ በግዕዙ የለም። ስለዚህ የእኛን መጽሐፍ ምስክር አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

ሞርሞኖች ራሳቸው የእኛን መጽሐፍ ያወቁት መቼ ነው ቢሉኝ፣ ቢያንስ በ1840 ያውቁት ነበር እላለሁ። በዚያ ዓመት እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ያቋቋሙት መጽሔታቸው ስለ ሎረንስ ትርጉም ጽፏል። አዘጋጁ ፓርሊ ፕራት ነበር። አልደበቁትም። በደስታ ነው የተቀበሉት።

እስካሁን «ከየት መጣ?» የሚለው ላይ ነው የቆየነው። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ስሚዝ ከሔኖክ ጋር ምን አደረገ የሚለው ይበልጥ ይገርመኛል። እዚህ ላይ ሁለቱን ጽሑፎች ማነጻጸር እውነተኛ ፍሬ አለው። ከሁለቱም አንድ አንድ ትዕይንት ልውሰድ።

የእኛው ከሕልም ራእዮቹ ነው፤ በምሁራን ቁጥር ምዕራፍ 89። እስራኤል በበጎች ተመስለዋል። የበጎቹ ጌታ ቤቱን ትቷል። አንበሳና ነብር፣ ተኩላና ጅብ በጎቹን ይበላሉ። ሔኖክ ይህን አይቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮኻል፤ የበጎቹን ጌታ ይማጸናል። ጌታው አየ፤ ግን ዝም አለ። ጽሑፉ እንዲያውም ደስ አለው ይላል፤ ምክንያቱም ፍርድ ነው፤ በጎቹ ቤቱን ክደዋል። ከዚያ ለ70 እረኞች አሳልፎ ይሰጣቸዋል። እረኞቹ ከታዘዙት በላይ ስላጠፉ ኋላ ይፈረድባቸዋል። ራእዩ ሲያበቃ ሔኖክ ነቅቶ ያለቅሳል። እንባው አልቆም ይለዋል።

የስሚዙ ምዕራፍ 7 ላይ ነው። ሔኖክ ከጥፋት ውኃ በፊት ያለውን ሕዝብ ያያል። ሰይጣን በእጁ ትልቅ ሰንሰለት ይዞ ምድርን በጨለማ ሸፍኗል፤ ቀና ብሎ ይስቃል፤ መላእክቱም ደስ ይላቸዋል። በዚያ ቅጽበት የሰማይ አምላክ የቀረውን ሕዝብ ተመልክቶ አለቀሰ ይላል። ሔኖክ ይደነግጣል። ቅዱስ ሆነህ፣ ከዘላለም እስከ ዘላለም ሆነህ፣ እንዴት ልታለቅስ ቻልክ? ብሎ ይጠይቃል። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ደጋግሞ ነው የሚጠይቀው። እግዚአብሔርም ይመልስለታል፦ እነዚህ የእጄ ሥራ ናቸው፤ እርስ በርስ እንዲዋደዱ አዘዝኳቸው፤ እነሱ ግን የገዛ ደማቸውን ጠሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሔኖክ ራሱ የሚያለቅሰው። ልቡ እንደ ዘላለም ሰፋ ይላል። መጽናናትንም እምቢ አለ።

ልዩነቱን አዩት? በእኛ ጽሑፍ ነቢዩ ይጮኻል፤ ጌታው በፍርዱ ጸንቶ ዝም ይላል። በስሚዝ ጽሑፍ ቀድሞ የሚያለቅሰው አምላክ ነው፤ ነቢዩ ማልቀስን ከእሱ ይማራል። በእኛው በጥፋቱ ደስታ ያለው ፈራጁ ነው፤ በስሚዝ ደስታው የሰይጣን ነው። ከአንዱ ሌላው ተቀዳ ለማለት የሚያስቸግረኝ ሌላው ምክንያት ይህ ነው። በአንድ ሰው ስም የተነገሩ፣ ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ግን በተለያየ መንገድ የሚሄዱ ሁለት ጽሑፎች ናቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እዚህ ልጨምር። የስሚዝ የመጽሐፍ ቅዱስ እርማት ከአንድ በላይ የእጅ ጽሑፍ አለው። በመጀመሪያው የሚያለቅሰው እግዚአብሔር ነው። በኋለኛው ላይ ዓረፍተ ነገሩ ተቀይሮ የሚያለቅሰው ሔኖክ ሆነ፤ ሰማያትም አብረውት አለቀሱ። ዩታ ያለው ዋናው ቤተክርስቲያን የመጀመሪያውን ንባብ ያዘ።  አለቀሰ የሚለው ቃል ያን ጊዜም ከባድ እንደነበር ይታየኛል። አንድ ሰው፣ ምናልባት ስሚዝ ራሱ፣ ሊያለሰልሰው ሞክሯል።

ለእኛ ለተዋሕዶ ልጆች ቃሉ ለምን እንደሚከብድ ግልጽ ነው። መለኮት በባሕርዩ ሕማም አያገኘውም ብለን ነው የተማርነው። እግዚአብሔር አለቀሰ የምንለው ቃል ሥጋ ከሆነ በኋላ፣ በአልዓዛር መቃብር ፊት ነው። በሥጋ አለቀሰ፤ በሥጋ መከራ ተቀበለ። ስሚዝ ግን ይህን ልቅሶ ከሥጋዌ በፊት፣ ከኖኅም በፊት አስቀመጠው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ፣ በ1843፣ አብ ራሱ የሥጋና የአጥንት አካል አለው ብሎ አስተማረ። ለጎረቤቶችዎ እንግዲህ የሚያለቅስ አምላክ ምሳሌ ወይም አነጋገር አይደለም። ቃል በቃል ነው። በዚህ ላይ እነሱና እኛ አንስማማም፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሆኖም አንድ ሞርሞን ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ይህን ምዕራፍ ለምን እንደሚከፍት ይገባኛል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ከተማዋ ናት። የእኛ ሔኖክ ብቻውን ነው የሚወሰደው። የስሚዝ ሔኖክ ከነከተማው ነው። በምዕራፍ 7 ቁጥር 18 ላይ ሕዝቡ አንድ ልብና አንድ ሐሳብ ነበሩ፤ በጽድቅ ኖሩ፤ በመካከላቸውም ድሃ አልነበረም ይላል። ይህ ቁጥር ባይኖር የሞርሞኖች ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር እስከማለት እደርሳለሁ።

ጊዜውን ይመልከቱ። በታኅሣሥ 1830 ሲድኒ ሪግደን የሚባል ሰባኪ ከኦሃዮ መጣና የስሚዝ ጸሐፊ ሆነ። ይህ ሰው የሐዋርያት ሥራን እያነሣ፣ ክርስቲያኖች ንብረታቸውን በጋራ ሊይዙ ይገባል ብሎ የሚያምን ነበር። ኦሃዮ ውስጥ ይሰብክላቸው ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ እንዲያ አብረው ይኖሩ ነበር። ድሃ የሌለባት ከተማ ታሪክ የተጻፈው በዚያው ወር ነው። በወሩ ማብቂያ ተከታዮቹ ሁሉ ወደ ኦሃዮ እንዲሰባሰቡ ታዘዙ። በጥር መጀመሪያ የወጣው ራእይ እግዚአብሔር የሔኖክን ጽዮን ወደ እቅፉ እንደወሰደ ያስታውሳል፤ አንድ ካልሆናችሁ የእኔ አይደላችሁም ይላል። በየካቲት 1831 ንብረትን ለቤተክርስቲያን ሰጥቶ የሚያስፈልግን ያህል ብቻ መልሶ የመቀበል ሕግ ወጣ። ከታሪክ ወደ ሕግ ለመድረስ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው የፈጀባቸው።

በሐምሌ 1831 ጽዮን የምትሠራበት ቦታ ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ናት ተባለ። ሰዎች ቤታቸውን እየሸጡ ሄዱ። አልሆነም። ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ጋር በመሬት፣ በምርጫ፣ በባርነት ጉዳይ ተጋጩ፤ በ1833 በኃይል ተባረሩ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ስሚዝ በ1844 ከተገደለና ሕዝቡ ወደ ዩታ ከተሻገረ በኋላ፣ በስሚዝ ቦታ መሪ የሆነው ብሪገም ያንግ በ1874 እንደገና ሞከረው። በደቡብ ዩታ ኦርደርቪል የምትባል መንደር አለች። እዚያ ሰዎች ለአሥር ዓመት ያህል በአንድ ማዕድ በልተው፣ ንብረታቸውን በጋራ ይዘው ኖረዋል። ይህን አሠራር «የሔኖክ ሥርዓት» እያሉም ይጠሩት ነበር። አንድ ቀን በዚያ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው ይዩአት።

ዛሬ ጎረቤቶችዎ በወር አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው እሑድ፣ ጾመው የዘለሉትን ምግብ ዋጋ ለድሆች ሲሰጡ አይተው ይሆናል። የዚያ ትልቅ ምኞት ትሩፋት ነው። እኛ ጾምን ከምጽዋት ጋር አያይዘን ስላደግን ይህ ልምዳቸው ባዕድ አይሆንብንም።

ስለዚህ ምዕራፍ የምወደውን አንድ ቁጥር ሳልጠቅስ አላልፍም። ቁጥር 63 ነው። በመጨረሻው ዘመን የሔኖክ ከተማ ከሰማይ ትወርዳለች፤ በምድር ያሉት ቅዱሳን ይቀበሏታል። እግዚአብሔርና የከተማዋ ሰዎች በምድር ባሉት አንገት ላይ ይወድቃሉ፤ እነሱም በእነዚያ አንገት ላይ፤ ይሳሳማሉም ይላል። የትንቢት መጻሕፍት ስለ መጨረሻው ዘመን ሲያወሩ ብዙ ጊዜ እሳት ነው፣ መለከት ነው። እዚህ ዓመታት ተለያይተው የተገናኙ ዘመዳሞች ይመስላሉ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ። አዎ፣ እውነት ነው። አላለሳልሰውም። በዚያው ምዕራፍ 7 ቁጥር 8 ላይ በከነዓን ልጆች ሁሉ ላይ ጥቁረት መጣባቸው፤ በሕዝብም ሁሉ ዘንድ ተናቁ ይላል። ቁጥር 12 ሔኖክ ከእነሱ በቀር ለሁሉም ንስሐን ሰበከ ይላል። ቁጥር 22 ደግሞ የቃየል ዘር ጥቁር ነበሩ፤ ከሌሎቹም ጋር ቦታ አልነበራቸውም ይላል። አምላክ ስለ ልጆቹ የሚያለቅስበት ቁጥር 28 ከዚህ በኋላ ስድስት ቁጥር ብቻ ርቆ ነው ያለው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ መኖራቸው ሁልጊዜ ያሳምመኛል።

ይህ ከየት መጣ ካሉ፣ ከግዕዙ ሔኖክ አልመጣም። እዚያ በሕልም ራእዩ ቃየል በጥቁር ወይፈን ተመስሏል፤ ስለ ሰው ቆዳ ግን የሚናገር ነገር የለም። ጥቁረትን ከቃየል ወይም ከካም እርግማን ጋር ማያያዝ ግን በስሚዝ ዘመን በነጭ አሜሪካውያን ፕሮቴስታንቶች ዘንድ የተለመደ ወሬ ነበር። ባሪያ አሳዳሪዎች ኅሊናቸውን ያሳረፉበት ትምህርት ነው። በመጽሐፈ ሙሴ ውስጥ የማየው የዚያን አገርና የዚያን ዘመን አሻራ ነው። ጎረቤትዎ በዚህ ላትስማማ ትችላለች። ለእሷ ጽሑፉ ራእይ ነው።

ያስከተለው ነገር ግን የታወቀ ታሪክ ነው። በስሚዝ ዘመን ጥቁሮች ክህነት ያገኙ ነበር። ኤላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በ1836 ተሹሟል፤ ወንጌል ሊሰብክም ተልኳል። በ1852 ግን ብሪገም ያንግ ጥቁሮች ክህነት አይሰጣቸውም ብሎ በይፋ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ወንዶች ክህነት፣ ጥቁር ወንዶችና ሴቶች ደግሞ የቤተ መቅደሱ ዋና ዋና ሥርዓቶች ተከለከሉ። ኤብል ራሱ የቤተ መቅደሱን ሥርዓት ለማግኘት ለምኖ ተከልክሏል። ለክልከላው ምክንያት ሲፈለግ እነዚህ ቁጥሮችና መጽሐፈ አብርሃም የሚሉት ሌላው ጽሑፋቸው ይጠቀሱ ነበር። ነገሩ እስከ ሰኔ 1978 ቆየ። ያኔ ፕሬዚዳንታቸው ስፔንሰር ኪምቦል ራእይ እንደመጣ አስታወቀ፤ ክልከላው ተነሣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚስዮናውያን ወደ ናይጄሪያና ጋና ሄዱ። በ2013 ደግሞ ቤተክርስቲያኑ ባወጣው ጽሑፍ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ወይም የእግዚአብሔር ቁጣ ምልክት ነው የሚሉትን የቀድሞ ማብራሪያዎች እንደማይቀበል ገለጸ።

ቁጥሮቹ ግን ዛሬም በመጽሐፉ ውስጥ አሉ። አንዳንድ የዛሬ ሞርሞን ምሁራን ስለ ቆዳ አይደለም የሚያወራው፤ ስለ ሐዘንና ስለ መንፈሳዊ ጨለማ ነው ይላሉ። እኔ ይህ ንባብ አያሳምነኝም። ቁጥር 22 ስለ ዘር በግልጽ ይናገራል። እርግማኑ የጽሑፉ ዘመን ሰዎች አመለካከት ነው፤ እግዚአብሔር የተናገረው አይደለም ብለው ደፍረው የሚያስተምሩም ከመካከላቸው አሉ። እኔ የማከብረው ይህን መልስ ነው።

ከጎረቤትዎ ጋር ለመነጋገር ካሰቡ፣ አብራችሁ ከምዕራፍ 6 ቁጥር 25 ጀምራችሁ ምዕራፍ 7ን ሳትዘሉ አንብቡ። ከእኛው ደግሞ የትጉሃንን ታሪክና የበጎቹን ራእይ አሳይዋት። ቁጥር 8 እና 22 ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና እንዴት እንደምትረዳቸው ጠይቋት። የ1978ቱን ቀን የት ሆና እንደሰማች የምታስታውስ ዕድሜ ላይ ከሆነች፣ እሱንም ጠይቋት። በዚያ ትውልድ ያሉ ብዙ ሞርሞኖች ያን ቀን አይረሱትም፤ ሲያወሩትም ከልባቸው ነው።